በሩ ሲዘጋ ሂሳቡ የሚመጣው ለማን ነው?

ሰሞኑን በቴሌግራም ከግሩፕ ግሩፕ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። «ለአሥር ዓመት በራችንን እንዝጋ» ይላል ርዕሱ። ፒያሳ አብረን ቡና የምንጠጣ ሰዎችም፣ መርካቶ ሱቅ ያላቸው ዘመዶቼም ልከውልኛል። «አነበብከው?» ነው ሁሉም የሚለው። አነበብኩት። ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነው። ቁጭት አለበት፤ የአገር ፍቅሩም የውሸት አይደለም። የደረሱበት ድምዳሜ ግን ይጎዳናል ብዬ ስለማምን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

መጀመሪያ ክርክራቸውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ለውጭ ዕቃ የሚወጣ ዶላር ሁሉ ከአገር የሚፈስ ደም ነው፤ ከምንሸጠው በላይ መግዛታችን እየከሰርን ለመሆኑ ማስረጃ ነው። ሁለተኛ፣ ፋብሪካዎቻችን ያላደጉት ገና ጨቅላ ሳሉ ከቻይና ጋር ስለተጋጠሙ ነው፤ ለዚህም ቆዳና ጫማን ይጠቅሳሉ። ሦስተኛ፣ አሜሪካም ኮሪያም ያደጉት በራቸውን ዘግተው ነው። አራተኛ፣ ቀረጥ ከፍ ሲል ሥራ ይፈጠራል። አምስተኛ፣ የውጭ ገበያ አይታመንም፤ አጎዋን (የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበትን ዕድል) ያየ ያውቀዋል። ስለዚህ አገር ውስጥ ሊመረት የሚችል ዕቃ ሁሉ ለአሥር ዓመት እንዳይገባ ይከልከል ነው ሐሳባቸው።

ቅደም ተከተላቸውን ላፍርስና ከቆዳው ልጀምር። የጽሑፉ ልብ ያለው እዚያ ነው።

«ይህን ሁሉ ከብት ይዘን የቻይና ጫማ እንጫማለን» ብለው ሲጽፉ እኔንም ቆጭቶኛል። ያልጻፉት ነገር ግን አለ። ቆዳ ላይ በሩን ዘግተን አይተነዋል። በ2000 ዓ.ም. ጥሬና በከፊል የለፋ ቆዳ ወደ ውጭ ሲላክ 150 በመቶ ታክስ እንዲከፈልበት ታወጀ። ስሙ ታክስ ነው እንጂ ሥራው ክልከላ ነው። መቶ ብር የሚያወጣ ቆዳ ለመላክ መቶ ሃምሳ ብር ታክስ የሚከፍል ነጋዴ ከየት ይመጣል? ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ከዚያ በተሻለ ደረጃ የለፋው ቆዳም ተጨመረበት። ሐሳቡ ወረቀት ላይ እንከን የለውም። ቆዳው አገር ውስጥ ይቀራል፣ ፋብሪካዎቻችን ያለፉታል፣ ጫማና ቦርሳ ሆኖ ይወጣል። ጸሐፊው ዛሬ የሚመክሩን ይኸንኑ ነው።

ከዚያስ? እዚህ ከተማ ያደገ ሰው መልሱን ከመንገድ ላይ ያውቀዋል። ድሮ የፋሲካ ለት ከረፋዱ ጀምሮ ቆዳ የሚገዙ ልጆች በየሰፈሩ እየተጣሩ ይዞሩ ነበር። የበጉ ቆዳ ገንዘብ ነበረ። ለአራጁ የሚከፈለው ከእሱ ይወጣ ነበር፤ አንዳንድ ቤት አራጁ ቆዳውን ይዞ ይሄዳል፣ በቃ። አሁን በበዓል ማግስት ቆዳው ቱቦ ዳር፣ ገንዳ አጠገብ ተጥሎ ሲሸት ነው የምናየው። የሚገዛው የለም። የፅዳት ሠራተኞች በጋሪ ሰብስበው ያነሱታል።

ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ? ወደ ውጭ የሚልከው ነጋዴ ከገበያው ሲወጣ የቀሩት ገዢዎች ጥቂት ፋብሪካዎች ናቸው። ገዢው ጥቂት ሲሆን ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው። ዋጋው ሲወርድ ገበሬው ለቆዳው የሚጨነቅበት ምክንያት አጣ። ሲገፈፍ በቢላ ይበጫጨቃል። ጨው የሚነሰንስበት የለም። እንዲህ ሆኖ ፋብሪካው ሲደርስ ደግሞ ፋብሪካው «ጥራት ያለው ቆዳ አጣሁ» ብሎ ያማርራል። እውነቱን ነው፣ አጥቷል። በዝቅተኛ ዋጋ ቆዳ ያገኝ ዘንድ የወጣው ዐዋጅ ጥሩ ቆዳ የሚያመጣለትን ሰው አባረረበት።

ጥፋቱ ሁሉ የዐዋጁ ነው አልልም። የቆዳ ዋጋ በዓለም ገበያም ወርዷል፤ ሰው ሠራሽ ቆዳ ቦታውን ይዟል። የእከክ በሽታ የበጎቻችንን ቆዳ ያበላሻል። ፋብሪካዎቹም ለዓመታት በዶላር እጥረት ክሮምና ሌላ ኬሚካል ማስገባት አቅቷቸው ከአቅም በታች ሠርተዋል። ግን የመጨረሻዋን ልብ በሉልኝ። ቆዳችንን ለማልፋት የሚያስፈልገው ኬሚካል ራሱ የሚመጣው ከውጭ ነው።

ጫማው ላይ ደግሞ ታሪኩ ጸሐፊው ከሚሉት ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የቻይና ጫማ መርካቶን አጥለቀለቀው። ብዙ ትናንሽ ጫማ ቤቶች ተዘጉ፤ ይህ እውነት ነው፣ ለብዙ ቤተሰብም ከባድ ጊዜ ነበር። ጸሐፊው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። ከዚያ በኋላ ግን የቀሩት ጫማ ሠሪዎች ሞዴል ቀየሩ፣ ሶሉን አሻሻሉ፣ አሠራራቸውን አስተካከሉ። በዓመታት ውስጥ የወንድ ቆዳ ጫማ ገበያውን ከቻይናው አስመለሱ። ይህን የአገር ውስጥም የውጭም ተመራማሪዎች አጥንተው ጽፈውታል። በሩ አልተዘጋላቸውም ነበር። ደንበኛው የቻይናውን ጫማ ገዝቶ፣ ዝናብ ሲነካው ሲላቀቅ አይቶ፣ ተመልሶ መጣ።

አሁን አንድ የመርካቶ ጫማ አንስተን እንየው። ቆዳው የሞጆ ሊሆን ይችላል። ሶሉ፣ ማስቲሹ፣ ክሩ፣ ዚፑ፣ ማሰሪያው የሚገባበት ቀለበት፣ መስፊያ ማሽኑስ? አብዛኛው ከውጭ ነው። በጸሐፊው ሕግ «አገር ውስጥ ሊመረት የሚችል ሁሉ» ይከለከላል። ሶል አገር ውስጥ ሊመረት ይችላል። ማስቲሽም ይቻላል። ዚፕም እንዲሁ። ሊመረት መቻሉ ግን ዛሬ በሚበቃ መጠንና ጥራት ይመረታል ማለት አይደለም። ከክልከላው ማግስት የመጀመሪያው ተጎጂ ቻይናዊ አይደለም። ሶል የሚያጣው የመርካቶ ጫማ ሠሪ ነው። የአንዱ ያለቀለት ዕቃ የሌላው ጥሬ ዕቃ መሆኑን ጽሑፉ አንድ ቦታ እንኳ አያነሳም።

ሌላም ያላነሱት አለ። ጽሑፉን ያነበበ ሰው በራችን ወለል ብሎ የተከፈተ ይመስለዋል። እስቲ እናስላ። ጉምሩክ ላይ 100 ብር የተተመነ፣ ከፍተኛው 35 በመቶ ቀረጥ የሚጣልበት ዕቃ እንውሰድ። ቀረጡ ሲደመር 135 ብር ሆነ። 15 በመቶ ቫት በ135 ላይ ሲታሰብ 155 ብር ከ25 ሳንቲም። በዚያ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ፤ 170 ብር ከ78 ገደማ። ቅድመ ግብር 3 ብር ስንጨምርበት ወደ 174 ብር ይጠጋል። ኤክሳይዝና ሌሎች ክፍያዎች እዚህ ውስጥ የሉም። የጂቡቲ ወደብ ኪራይና የጭነት መኪናው ቀድመው ዋጋው ውስጥ ገብተዋል።

«ቫትማ የአገር ውስጡም ይከፍላል» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ከሁለቱም እናንሳው። እንደዚያም ሆኖ የአገር ውስጡ አምራች ከ48 በመቶ በላይ ቅድሚያ ይዞ ነው ሩጫውን የሚጀምረው። በዚህ ላይ ከሐምሌ 2016 በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ይህም ለአገር ውስጥ አምራች ሌላ ከለላ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎለት ያልቆመ ፋብሪካ ካለ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። መብራት ይሆናል፣ ብድር ይሆናል፣ መለዋወጫ ይሆናል። ቀረጥ መጨመር ለመብራት መቆራረጥ መድኃኒት አይሆንም።

ክልከላም ቢሆን አዲስ ነገር አይደለም። ጥቅምት 2015 ላይ 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ተደርጎ ነበር። መኪና፣ ውስኪ፣ ሽቶ፣ ኮስሜቲክስ፣ ሂዩማን ሄር ሁሉ ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ከሱቅ ጠፉ? አልጠፉም። ዋጋቸው ወጣ፣ የሚገቡበት መንገድ ጠመመ። ቀረጥ ከፍሎ የሚያስገባው ሰው ቆመ፤ በኮንትሮባንድ የሚያስገባው ቀጠለ። መንግሥት ቀረጡን አጣ፣ ገዢው ጨምሮ ከፈለ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የነበረው ሰው በአንድ ሌሊት ከበረ። ክልከላው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ከምንዛሪ ማሻሻያው ጋር ተነሳ። ያኔ ከበሩ መዘጋት ማን እንዳተረፈ የመርካቶ ሰው በስም ይነግራችኋል፤ እኔ ይቅርብኝ።

በነገራችን ላይ መኪናም ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። በየትም አገር መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል። እኛ ጋ ያረጀች ቪትዝ እያደር ዋጋዋ ይጨምራል፤ ባለቤቷ እንደ ቁጠባ ደብተር ያያታል። ይህን ያመጣው የዓመታት የታክስ ክምር፣ ቀጥሎም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከላቸው ነው። በአንጻሩ ለኤሌክትሪክ መኪና ታክሱ ሲቀነስ የሆነውን ከቸርችል ጎዳና ዳር ቆሞ ማየት ይቻላል። አንዱን ዘጋን፣ ሌላውን ከፈትን። ሁለቱም ያመጡት ውጤት እዚያው መንገድ ላይ ይነዳል።

ወደ «ደም መፍሰሱ» ልመለስ። ዶላር ሲወጣ ዕቃ ይገባል። የምናስገባው ምንድን ነው? ማዳበሪያ፣ ናፍጣ፣ መድኃኒት፣ ብረት፣ ማሽን። ማዳበሪያው ጤፍ ይሆናል። ናፍጣው ቡናውን ጂቡቲ ያደርሳል። የሕዳሴው ግድብ ተርባይኖች በውጭ ምንዛሪ የተገዙ ናቸው፤ ለእነሱ የወጣውን ዶላር ደም ፈሰሰ የሚል አላየሁም። የንግድ ጉድለት ብቻውን የክሳራ ምልክት አይደለም። በብድር ማሽን የገዛና በብድር ሰርግ የደገሰ ሁለቱም ባለዕዳ ናቸው፤ ልዩነታቸው ግን ሰማይና ምድር ነው።

የዶላር እጥረቱ እውነተኛ ችግር መሆኑ ላይ ከጸሐፊው ጋር ጸብ የለኝም። ግን እጥረቱ ከየት መጣ? ትልቁ ምክንያት ዶላርን ከዋጋው በታች ቆልፈን መያዛችን ነበር። በባንክ በኩል የሸጠ ሰው ይከስራል፤ ስለዚህ ወርቁ በድንበር ሾልኮ ይወጣል። ምንዛሪው ሲለቀቅ የ2016 ዓ.ም. 3.8 ቢሊዮን ዶላር የሸቀጥ ወጪ ንግድ በ2017 ዓ.ም. ከ8 ቢሊዮን በላይ ሆኖ ተመዘገበ። ብዙው ጭማሪ ወርቅ ነው፤ ከፊሉም አዲስ ምርት ሳይሆን ከኮንትሮባንድ ወደ ሕጋዊው መስመር የተመለሰ ነው። የኑሮ ውድነቱ ዱላም አርፎብናል፣ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ዶላሩ የመጣው ገቢ ዕቃ ተከልክሎ አይደለም። ጭራሽ የ38ቱ ዕቃዎች ክልከላ በተነሳበት ዓመት ነው የመጣው።

አሁን ኮሪያ። ይህ የጸሐፊው ጠንካራ ክርክር ነው፤ በአንድ ቃል ላጣጥለው አልችልም። አዎ፣ ኮሪያ የአገር ውስጥ ገበያዋን ጠብቃለች። አሜሪካም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከፍተኛ ቀረጥ ነበራት። ግን ኮሪያ ከለላውን በነፃ አላደለችም። በፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ ዘመን መንግሥት ለኩባንያዎች የወጪ ንግድ ኮታ ይሰጥ ነበር፤ ርካሽ ብድር የሚገኘው ውጭ ሸጦ ባሳየ ሰው ነበር። ለወጪ ምርት የሚሆን ጥሬ ዕቃ ደግሞ ከቀረጥ ነፃ ይገባ ነበር። ይህችን የመጨረሻዋን «በሩን እንዝጋ» የሚሉ ሁሉ ይዘሏታል። የኮሪያ ወጪ ንግድ 100 ሚሊዮን ዶላር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ለዚያ መታሰቢያ የወጪ ንግድ ቀን የሚባል በዓል ሰየሙለት። በ1977 ደግሞ 10 ቢሊዮን ደረሰ። በ13 ዓመት መቶ እጥፍ ማለት ነው። ይህን ያደረጉት በዓለም ገበያ ተፈትነው ነው። ሐዩንዳይ ፖኒ የምትባለውን መኪና እ.ኤ.አ. በ1975 ማምረት ጀመረ፤ በዓመቱ ኢኳዶር ድረስ ልኮ ሸጠ።

ፈተና የሌለበት ከለላ ምን እንደሚመስል ለማየት ሕንድን እንመልከት። አምባሳደር የምትባል መኪና ነበረቻቸው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 2014 ተመርታለች፤ መልኳም ያን ያህል ሳይለወጥ። ለምን ትለወጥ? ገዢው ሌላ ብዙ ምርጫ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1991 ሕንድ ኢኮኖሚዋን መክፈት ስትጀምር የአምባሳደር ገበያ ይበልጥ ጠበበ፤ የሕንድ የመኪና ኢንዱስትሪ ግን አልሞተም፣ አደገ።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ ላቅርብ። የእርስዎ የአሥር ዓመት ዕቅድ ውስጥ ፈተናው የት አለ? በሦስተኛው ዓመት ምንም ያልላከ ፋብሪካ ከለላውን ይነጠቃል? ማን ነው የሚነጥቀው? በአሥረኛው ዓመት ባለ ፋብሪካው ማኅበር አቋቁሞ፣ «ሠራተኛ ልበትን ነው» ብሎ፣ አሥር ዓመት ይጨመርልኝ አይልም? እኔ ብሆን እላለሁ።

ስለ ሥራ ፈጠራው አጭር ላድርገው። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ከውጭ በሚገቡ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ላይ ቀረጥ ጣለች። ኢኮኖሚስቶች በኋላ አስልተው እንዳወጡት የማጠቢያው ዋጋ በ12 በመቶ ገደማ ወጣ። ማድረቂያው ላይ ቀረጥ አልተጣለም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ስለሚሸጡ ግን የእሱም ዋጋ አብሮ ወጣ። 1,800 ገደማ ሥራ ተፈጠረ፤ እሰየው። ሸማቹ ለእያንዳንዷ ሥራ የከፈለው ግን በዓመት 815,000 ዶላር ገደማ ነው። ለሠራተኞቹ ቤት ተቀምጠው ደመወዝ ቢከፈላቸው ይረክስ ነበር። እኛም ጋ ጸሐፊው የሚቆጥሩት የፋብሪካውን ሠራተኛ ብቻ ነው። የጂቡቲ መስመር ሾፌር፣ የመርካቶ ወዛደር፣ በገባ ጨርቅ ልብስ የሚሰፋው ልጅ፣ ከሱቅ ሱቅ የሚሯሯጠው ደላላ ቆጠራው ውስጥ የሉም።

አጎዋ ላይ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ ወጣን። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ፒቪኤች የተባለው ትልቅ ኩባንያ ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለቆ ወጣ። እዚያ ይሠሩ የነበሩት ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ከፖለቲካው ምንም ሳይኖራቸው ዕዳውን ከፈሉ። የውጭ ገበያ ይከዳል፣ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ትራምፕ በየአገሩ ላይ ቀረጥ ሲደረድሩ እኛም 10 በመቶ ደርሶናል። እንግዲህ ልጆቹን የጎዳው የንግድ በር መከፈቱ ነው ወይስ በላያቸው መዘጋቱ? በአንድ በር ብቻ መተማመን አደገኛ ከሆነ መልሱ ሌሎች በሮች መክፈት ነው። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣናን እ.ኤ.አ. በ2019 አጽድቀናል። የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከትነው ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። ለክፉ ቀን የመድኃኒትና የእህል ክምችት መያዝ እንደሚያስፈልግ እስማማለሁ፤ ለእሱ ግን መጋዘን ይበቃል።

ጸሐፊው ልክ ናቸው የምልባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው፣ አምራቾች «ያለቀለት ዕቃ ሲገባ ከጥሬ ዕቃው ያነሰ ቀረጥ የሚከፍልበት ጊዜ አለ» እያሉ ለዓመታት ያሰሙት አቤቱታ ነው። ይህ የተገለበጠ አሠራር ነው፣ መስተካከል አለበት። የማስተካከያው መንገድ ግን የጥሬ ዕቃውን ቀረጥ ማውረድ ነው። ያለቀለቱን ሰማይ ከሰቀልነው ጉዳቱ ከአምራቹ ላይ ተነስቶ ወደ ገዢው ዞረ ማለት ብቻ ነው።

ሁለተኛው የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ነገር ነው። በፋብሪካ የታተመ ጥበብ መሳይ ጨርቅ እየገባ የእጅ ሥራውን ዋጋ ሰብሮታል፤ ቀናት ፈጅቶ የተሸመነ ቀሚስ አጠገቡ ከተሰቀለው ሕትመት ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም። እዚህ ላይ የጸሐፊው ቁጣ የኔም ነው። ሆኖም የታተመውን «የእጅ ሥራ ነው» ብሎ የሚሸጥን ነጋዴ መቅጣት አንድ ነገር ነው፣ ጨርቅና ክር እንዳይገባ መከልከል ሌላ። የመጀመሪያውን ነገ ጠዋት መጀመር ይቻላል። ምን እንደሆነና የት እንደተሠራ የሚናገር ምልክት ልብሱ ላይ ይለጠፍ፣ የዋሸ ይቀጣ። ሁለተኛውን ካደረግን ግን ለጥለቱ የሚሆነውን ባለ ቀለም ክር መጀመሪያ የሚያጣው እዚያው ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔ ነው።